ከቆዳ በታች ስለ ተቀበረ ቆዳ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በወንበርማ፣ በቋሪትና በደጋ ዳሞት ገጠር ከሚኖረው ሕዝብ መካከል እሾህ ወግቶት የማያውቅ ሰው ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። የግራር፣ የቀጋና የአጋም እሾህ አራሹንም፣ እረኛውንም፣ እንጨት ለቃሚዋንም ልጅ እኩል ይወጋል። የተወጋው ሰው ከመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እሾሁን በወስፌ ወይም በመርፌ ያወጣል፤ ደሙን በአፈር ያብሳል፤ ጉዞውንም ይቀጥላል። ከጥቂት ወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በዚያው በተወጋበት ስፍራ፣ በውስጥ እግሩ ወይም በጣቱ ጫፍ፣ ባቄላ የምታህል ጠጠር ያለች እብጠት ሲያገኝ ግን ያን የተረሳ እሾህ የሚያስታውስ የለም። አንዱ «ዕጢ ነው» ይላል፤ ሌላው «ነቀርሳ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ምላጭ ይዞ ይቀርባል።

በዚህ ወር ልንገልጸው ያሰብነው ይህን የመሰለው እብጠት ብዙ ጊዜ ምን እንደ ሆነና ባልተለመደ የሰውነት ክፍል በሚወጣበት ጊዜ ሥጋ ሳይቆረጥ በአልትራሳውንድ እንዴት እንደሚመረመር ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በኀፍረት ተሸፍኖ የሚኖረውን፣ በሴቶች ልጆች ላይ በሕፃንነታቸው ከሚፈጸመው ግርዛት የሚመጣውን እብጠት መምህራንና ማንበብ የሚችሉ የከተማ ነዋሪዎች ሁሉ እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

የሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋን ሁልጊዜ ራሱን ያድሳል። ከታችኛው ረድፍ አዳዲስ ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ ወደ ላይ እየተገፉ ይሄዳሉ፤ እየደረቁ ይሞታሉ፤ በመጨረሻም እንደ ስስ ቅርፊት ሆነው ይራገፋሉ። ይህ ጉዞ አንድ ወር ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። ስንታጠብ ከገላችን ከሚለቀው እድፍ ከፊሉ ይኸው የሞተ ቆዳ ነው። እንግዲህ እሾህ፣ መርፌ፣ ምላጭ ወይም የጠርሙስ ስባሪ ከዚህ ሽፋን ቅንጣት ያህል ይዞ ወደ ውስጥ ቢገባና በዚያው ቢተወው፣ ያ ቅንጣት ከቦታው ስለ ተለየ ሥራውን አያቆምም። እንደ ልማዱ አዲስ ሕዋስ ይወልዳል፤ የሞተውንም ያራግፋል፤ ነገር ግን የሚራገፈው በተዘጋ ስፍራ ውስጥ ስለ ሆነ መውጫ የለውም። እዚያው በእዚያው እየተደራረበ በዝግታ የሚያድግ ከረጢት ይሆናል። ሐኪሞች ኤፒደርማል ሲስት የሚሉት ይህ ነው፤ እኛ «የቆዳ ከረጢት» እንለዋለን።

በከረጢቱ ውስጥ የሚገኘው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ፣ አይብ የመሰለ፣ ሽታውም የማያስደስት ነገር ነው። ብዙ ሰው ስብ ይመስለዋል፤ ቀድሞም በሕክምና መጻሕፍት ሳይቀር የስብ ከረጢት ይባል ነበር። ነገሩ ግን ስብ አይደለም፤ ጥፍርና ፀጉር የሚሠሩበት ኬራቲን የሚባለው ነገር ነው።

ከረጢቱ ሁሉ ከቁስል ብቻ ይመጣል ማለታችን አይደለም። አብዛኛው በፊት፣ በአንገትና በጀርባ የሚወጣው የፀጉር ሥር አፍ በመዘጋቱ ነው፤ መካከሉ ላይም ብዙ ጊዜ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይታያል። እንዲህ ያለውን ልምድ ያለው የጤና ባለሙያ በዐይኑ አይቶ ይለየዋል። ችግር የሚመጣው እብጠቱ በማይጠበቅበት ስፍራ ሲወጣ ነው። በውስጥ እግር፣ በመዳፍ፣ በጣት ጫፍ፣ አልፎ አልፎም በጣቱ አጥንት ውስጥ፣ በጡት፣ በወንድ የዘር ፍሬ፣ ከምላስ በታችና በብልት ላይ ተገኝቷል። በነዚህ ስፍራዎች ጥቁሩ ነጥብ አይታይም፤ ሐኪሙም ቢሆን ሌላ በሽታ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

በመንደር የሚደረገው ነገር ይታወቃል። አንዳንዱ እብጠቱን በጣቱ ይጨምቀዋል፤ አንዳንዱ በፈረስ ጭራ ያስረዋል፤ ሌላው በጋለ ብረት ያስተኩሰዋል ወይም ዐዋቂ ለተባለ ሰው በምላጭ ያስበጣዋል። ያ ነጭ ነገር ሲወጣ ሁሉም ይደሰታል። ግድግዳው ግን በውስጥ ስለ ቀረ ከረጢቱ እንደ ገና ይሞላል። ይኸም ቀላሉ ጉዳት ነው። በጭመቃ ጊዜ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ቢፈነዳ በዙሪያው ያለው ሥጋ ይቈጣል፤ ያብጣል፤ ይመግላል። ባልተቀቀለ ምላጭ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል። ከዚህም የሚከፋ አለ። ከረጢት ነው ተብሎ የተቆረጠው እብጠት ቡአ፣ ማለትም አንጀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ወይም እንደ ልብ የሚመታ የደም ሥር እብጠት ሊሆን ይችላል። በአንገት ላይ ያለውም የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ያሳበጠው ንፍፊት ይሆናል፤ ይኸውም በመድኃኒት እንጂ በምላጭ አይድንም። በሕፃናት ላይ ከውልደት ጀምሮ በአፍንጫ ድልድይ፣ በራስ ቅል መካከል ወይም በአከርካሪ መስመር የሚታይ እብጠት ደግሞ ወደ አንጎል ወይም ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚዘልቅ ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል፣ ምርመራ ሳይደረግ መርፌ እንኳ ሊነካው አይገባም።

ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ማየት ያስፈልጋል። የሚታየውም በድምፅ ነው።

በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው የገደል ማሚቶን ያውቃል። ድምፁ ከማዶው ገደል ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ቆይቶ ይሰማል። አልትራሳውንድም በዚሁ ሥርዐት የሚሠራ መሣሪያ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። የቆዳ እብጠት የሚመረመርበት የመሣሪያው እጀታ ግን በሰከንድ ከ7 እስከ 15 ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ የሚርገበገብ ድምፅ ይልካል። ድምፁ በለስላሳ ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ለመመለስም ሰከንድ ለሚሊዮን ቢከፈል 13ቱ ክፍል ያህል ይበቃዋል። መሣሪያው ይህን እየቈጠረ የማሚቶውን ብርታትና ርቀት ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነውን፣ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ድንጋይ ጠባይ የገለጹት ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማች እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። በሰውነት ውስጥ ያለን እብጠት በዚህ ዘዴ መመርመር እንደሚቻል ደግሞ የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጽሑፍ አሳይተዋል። እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ ስለዚህም ለእርጉዝ ሴት እንኳ የሚመረጠው እርሱ ነው።

የቆዳ ከረጢት በዚህ ሥዕል ላይ የራሱ መልክ አለው። ዳርቻው ለስላሳና የተለየ፣ ቅርጹም እንቁላል የመሰለ ነው። ውስጡ ከዙሪያው ሥጋ ጠቆር ይላል፤ ሆኖም እንደ ጥሩ ውኃ ፈጽሞ ጥቁር አይደለም፤ የተደራረበው ኬራቲን እንደ ሽንኩርት ገላ ብሩህና ጥቁር መስመሮችን ያሳያል። ድምፁ በከረጢቱ ውስጥ ብዙ ሳይደክም ስለሚያልፍ ከበስተኋላው ያለው ሥጋ ደመቅ ብሎ ይታያል። አንዳንድ ጊዜም ከከረጢቱ ወደ ቆዳው የምትወጣ ቀጭን ጅራት ትገኛለች፤ ይህች ምልክት ከተገኘች ጥርጣሬው በብዙ ይቀንሳል። ቀጥሎ ባለሙያው የደምን እንቅስቃሴ በቀለም የሚያሳየውን ዶፕለር የተባለውን ክፍል ይከፍታል። በከረጢቱ ውስጥ ደም አይመላለስም፤ የሞተ ቆዳ ደም ምን ያደርግለታል? በመካከሉ ደም የሚታይበት እብጠት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ስለሚጠረጠር በጥንቃቄ መመርመር ያሻል።

ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያው አይሳሳትም ማለት አይደለም። የፈነዳ ከረጢት ዳርቻው ይዛባል፤ በዙሪያው ደም ይበዛል፤ ብጉንጅን ወይም ክፉ ዕጢን መስሎ ባለሙያውን ያታልላል። ከዚህ በቀር ለእርግዝና ምርመራ የሚያገለግለው ጎባጣ እጀታ ወደ ጥልቅ ለማየት የተሠራ እንጂ ከቆዳ ሥር ያለችን ባቄላ ለመለየት የተመቸ አይደለም። አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ አልትራሳውንድ ቢኖረውም ለቆዳ የሚሆነው ቀጥ ያለ እጀታ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ብዙ ሰው ግማሽ ቀን ተጉዞ ከደረሰ በኋላ ወደ ሌላ ስፍራ ሲላክ የሚበሳጨው ይህን ሳይጠይቅ ስለሚነሣ ነው።

ለእሾኽ ጉዳይ ደግሞ አንድ የተለየ ጥቅም አለው። እንጨትና እሾህ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታዩም፤ በአልትራሳውንድ ግን ከኋላዋ ጥላ የምትጥል ብሩህ መስመር ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ የገበሬው የውስጥ እግር እብጠት የተቀበረ ቆዳ ይሁን ወይም ተሰብሮ የቀረ እሾህ፣ ወይም ሁለቱም አብረው ይሁኑ፣ ከመቆረጡ በፊት ሊታወቅ ይችላል። (በባዶ እግር መሄድ በአገራችን ቀይ አፈር ላይ ስለሚያመጣው የእግር ማበጥ ለብቻው መጻፍ ስለሚያሻ እዚህ አላነሣነውም።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። በቡሬ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የምትማር የ14 ዓመት ልጅ አለች እንበል። ከገጠር መጥታ ከዘመድ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። ከአንድ ዓመት ወዲህ በብልቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል፤ መጀመሪያ እንደ አተር ነበረ፤ አሁን ሎሚ አክሏል። አያምማትም፤ ነገር ግን ስትቀመጥ ይጫናታል፤ ስትሄድም ይፈትጋታል። በስፖርት ሰዓት «እትዬ፣ ሆዴን አሞኛል» ብላ ትቀራለች። ለእናቷ አትነግርም፤ እናቷ ብትሰማ ምን ትላለች? ለጓደኛዋም አትነግርም። የሰው ዐይን ይሆን፣ እርግማን ይሆን፣ ነቀርሳ ይሆን እያለች ብቻዋን ታስባለች። ማግባትም መውለድም የማትችል ይመስላታል።

ይህች ልጅ በዐሳባችን የተሣለች ናት፤ የሕመሙ ዓይነት ግን እውነተኛ ነው። በሕፃንነቷ፣ ምናልባትም በተወለደች በሳምንቷ ገደማ፣ ተገርዛለች። እርሷ አታስታውሰውም፤ እናቷም ከዛሬው እብጠት ጋር አታገናኘውም። የገራዥዋ ምላጭ ግን እንደዚያ እሾህ የቆዳ ቅንጣት ከጠባሳው ሥር ቀብሮ ሄዷል፤ ቅንጣቱም ዓመታትን ሙሉ ሥራውን ሲሠራ ኖሮ ልጅቱ ለአካለ መጠን ስትቃረብ ጎልቶ ታየ። የዓለም የጤና ድርጅትም ከግርዛት የሚመጡ የረጅም ጊዜ ጉዳቶችን ሲዘረዝር ይህን ከረጢት ያነሣል። የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በቂንጥር ወይም እርሱ በተቆረጠበት ጠባሳ ላይ ነው። ስሙን በመጻፋችን የሚቀየሙን አንባቢዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ሆኖም ሕመምተኛዋ የታመመችበትን ስፍራ ስም ለሐኪም ለመጥራት እያፈረች ዓመት የምትቈይ ከሆነ፣ ለእኛ ማፈር አይገባንም።

ለእንዲህ ያለው እብጠት አልትራሳውንድ የሚሰጠው ጥቅም ከሌላው ስፍራ ሁሉ ይበልጣል። በመጀመሪያ ከረጢት መሆኑን ይለያል፤ በዚህ ስፍራ የሚያድግ ነገር ከደም ሥር ወይም ከጠጣር ዕጢ ሊመጣ ስለሚችል፣ ወይም በሰውነት ቅመሞች መዛባት ብልቱ ራሱ አድጎ ሊሆን ስለሚችል፣ በዐይን ብቻ መፍረድ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የከረጢቱን መጠንና ጥልቀት፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ያለውንም ግንኙነት ያሳያል። ሦስተኛውን ወላጆች ሁሉ እንዲያውቁት እንለምናለን፤ ምርመራው ዝልግልግ ቅባት ተቀብቶ ከውጭ በኩል ብቻ ስለሚደረግ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለውም፤ የልጅቱንም ድንግልና አይነካም። በዚህ ፍርሃት ምክንያት ልጃቸውን ወደ ሐኪም ከመውሰድ የሚታቀቡ ቤተ ሰቦች አሉና ይህን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ሴት ባለሙያ እንድትመረምራት፣ በሩም እንዲዘጋ መጠየቅ የታካሚዋ መብት ነው።

ከረጢት መሆኑ ከታወቀ ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው። ግድግዳው ሳይቀደድ ሙሉውን ተለይቶ ይወጣል። በግርዛት የተቆረጠው የቂንጥሩ ጫፍ ቢሆንም አካሉ ከጠባሳው ሥር ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ፣ ልምድ ያለው ሐኪም ያን ስፍራና ነርቮቹን ሳይጎዳ ከረጢቱን ብቻ ሊያወጣ ይችላል። ይኸም በመንደር ምላጭ ከቶ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ከረጢቱ ወደ ካንሰር መለወጡ እጅግ ብርቅ ነው። ማግባትንና መውለድን በሚመለከትም፣ ከረጢቱ ከውጭ በቆዳ ሥር ያለ እንጂ ከማሕፀን ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ልጅቱ ይህን በጆሮዋ መስማት አለባት።

ስለ ግርዛቱ ራሱ ብዙ ተብሏል፤ እኛም በአጭሩ እንናገራለን። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ውስጥ በመላው አገር ከ100ው 65ቱ፣ በአማራ ክልል ከ100ው 62ቱ ተገርዘው ተገኝተዋል። በመላው አገር ከ45 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ከ100ው 75ቱ፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ግን 47ቱ ናቸው። ልማዱ እየቀነሰ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም 47 ትንሽ ቍጥር አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በ565ኛው አንቀጽ ሴትን የገረዘ ሰው ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። «የሃይማኖት ትእዛዝ ነው» ለሚሉትም፣ ስለ ግርዛት ኪዳን የሚናገረው የኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 17 የወንዶችን እንጂ የሴቶችን ግርዛት አያዝም፤ ካህናትና መምህራን ይህን አብረው ቢያነቡት መልካም ነው።

ከመምህራን የምንጠብቀው ሐኪም እንዲሆኑ አይደለም። በስፖርት ሰዓት ዘወትር የምትቀር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የምትጨነቅ ልጅ ብትኖር፣ ሴት መምህርት ለብቻዋ ጠርታ «ልጄ፣ የሚያምምሽ ስፍራ የሚያሳፍር ቢሆንም ለእኔ ንገሪኝ» ብትላት ይበቃል። በክፍል ውስጥ ወይም በሰልፍ ላይ መጠየቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። ቀጥሎም እናቲቱን ወይም አሳዳጊዋን በቀስታ አስረድቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። እናትን መውቀስ ነገሩን ያበላሸዋል፤ እርሷም በተራዋ በሕፃንነቷ ያልጠየቀችው ነገር ተፈጽሞባታልና።

ጤና ጣቢያው ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ የመላኪያ ወረቀት ጽፎ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይልካል፤ ከዚያም የሚያልፍ ከሆነ ወደ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይመራል። በሽተኛው ሊናገር የሚገባው ጥቂት ነው፤ እብጠቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ በምን ፍጥነት እንዳደገ፣ በዚያ ስፍራ ቀድሞ እሾህ፣ ቁስል፣ ብጣት ወይም ግርዛት እንደ ነበረ። ከመሄዱ በፊት አይጨመቅ፤ ቅጠልም ቅቤም አይቀባ፤ የተቀባው ነገር ቁስል ይፈጥራል፤ የተጨመቀውም በአልትራሳውንድ መልኩን ይለውጣል። እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት ካደገ፣ ከተቈጣና ትኩሳት ካመጣ፣ ከደማ፣ እንደ ልብ ከመታ ወይም ከሥሩ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ግን ቀን መቍጠር አይገባም፤ በዚያው ቀን መሄድ ያሻል።

በመጨረሻ ስለ ወጪና ስለ ወረቀት አንድ ነገር እንጨምር። የወጣው ከረጢት እንደ ቆሻሻ መጣል የለበትም፤ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጦ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ተልኮ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይገባል፤ የአልትራሳውንዱን ግምት የሚያረጋግጠው ይህ ነውና። ለዚህ ምርመራ የሚጠየቀውን ገንዘብ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተ ሰብ የመድኑን መታወቂያና የመላኪያውን ወረቀት ይዞ በመቅረብ ይሸፈንለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ውጤቱ ሲደርስም ወረቀቱ ከሕክምና ካርዷ ጋር እንዲያያዝ ይደረግ፤ እብጠቱ ከዓመታት በኋላ ቢመለስ የሚቀጥለው ሐኪም በመጀመሪያ የሚፈልገው ያንኑ ወረቀት ነው።